ወንድሜ፣ አረቄው እና የቤተ ዘመዱ ሕክምና

ቤተሰባችን የአንጎል ሐኪም ቸግሮት አያውቅም። በትምህርት ያገኘው አንድም ሰው ባይኖርም፣ ታላቅ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ በታወቀ ሰሞን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስፔሻሊስት ሆኖ ተገኘ። እናቴ ምርመራዋን ጨርሳ "መተት ነው" አለች። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ እህል የሚነግዱት የተከበሩት አጎቴ፣ "ቁርጠኝነት ማጣት ነው፣ ሌላ አይደለም" ብለው ደመደሙ። አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ኖሮ ደውሎ "ዶፓሚን ነው" አለን። ዶፓሚን ምን እንደሆነ ስጠይቀው ቪዲዮው አጭር እንደነበር ነገረኝ።

እኔ እዚሁ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ሁለት ቃል ጣል ላደርግ ስሞክር አጎቴ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"አንቺ የቅጠል አስተማሪ ነሽ። ይሄ የሰው ጉዳይ ነው።"

ስለ እንቁራሪት ሆድ ዕቃ ብንወያይ ኖሮ ቅድሚያ እንደሚሰጡኝ አልጠራጠርም።

ወንድሜ መካኒክ ነው። ያኔ ጋራዡ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። የዚያ አገር መንገድ መኪና ይሰብራል፣ ወንድሜ ይጠግናል፣ የተጠገነው ተመልሶ እዚያው መንገድ ላይ ይሰበራል። ሥራ አጥቶ አያውቅም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይወዱታል። ፍቅራቸውን የሚገልጹት ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከጋራዡ አጥር ጋር ተያይዞ ወደተሠራው አረቄ ቤት ይወስዱታል። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ቆየት ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ። በመጨረሻ መፍቻ ከመያዙ በፊት መለኪያ የሚይዝ ሰው ሆነ። ጠዋት ሳይቀምስ ብሎን ሲያነሳ ከእጁ ያመልጠዋል፤ አንድ ሁለት ከደገመ በኋላ እጁ እንደ ድሮው ይሆናል። ይህን ያዩ ሾፌሮች "የእሱ እጅ አረቄ ካልነካው አይፈታም" እያሉ እንደ ሙያው አካል ቆጠሩለት። እሱም አመነ።

ሰካራም ሲባል የሚጠበቀው ዓይነት እንኳ አልነበረም። አይሳደብም፣ ከማንም አይጣላም። ዝም ብሎ ይከሳል፣ ፊቱ ያብጣል፣ እህል ያስጠላዋል፣ ቀጠሮ ይረሳል። ሰው የማይጎዳ በመሆኑ ማንም ቸኩሎ አልረዳውም።

ያቻኮለን አንድ ጎማ ነው። ወንድሜ የአንድ ጭነት መኪና የኋላ ጎማ ለውጦ ብሎኖቹን ሳያጠብቅ ይለቀዋል። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መኪናው ሲወላገድበት ወርዶ አየና ተረፈ። ተመልሶ መጥቶ አልጮኸም። ብሎኖቹን በወንድሜ መዳፍ ላይ አስቀምጦ "አንተን ነው የማምነው ብዬ ነበር" ብሎት ሄደ። ወንድሜ ያን ቀን ማታ እኛ ቤት መጥቶ እጁን እያየ ተቀምጦ ቀረ።

"ልተወው እፈልጋለሁ" አለኝ። "ወላሂ እፈልጋለሁ። ሲነጋ ግን እግሬ እኔን አይጠይቀኝም።"

በማግስቱ የቤተ ዘመዱ ጉባኤ ተሰበሰበ። በረጅሙ ተመክሮ የመጀመሪያው ሕክምና ታዘዘ፤ ሚስት።

የሕክምናው አሰጣጥ እንዲህ ነበር። አንድን ሰው ከመጠጥ ለማላቀቅ ጠላ በበርሜል ተጠመቀ፣ ጠጅ ተጣለ፣ አረቄ ከየመንደሩ ተሰበሰበ። ሙሽራው ቁጭ ብሎ ሲያመነታ አጎቴ ራሳቸው ትከሻውን ይዘው "ዛሬ ብቻ፣ ከነገ ወዲያ ትተዋለህ" ሲሉት ሰምቻለሁ። ሙሽሪት ከወግዲ ወገን የመጣች ረጋ ያለች ልጅ ነበረች። የእኛ ቤት ሰው ስለ አረቄው አንዲት ቃል አልነገራትም። ይህን ድብቆሽ እናቴ "ጨዋነት" ትለዋለች።

ልጅቷ ከጠበቅነው በላይ ታገሰች። ጋራዡ ድረስ ምሳ ይዛለት ትሄዳለች፣ ማታ ትጠብቀዋለች፣ ሲመጣ ጫማውን ታወልቅለታለች። ከወራት በኋላ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ሰብስባ ልትሰናበተኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

"በወንድምሽ አላዝንም፤ ደግ ሰው ነው" አለችኝ። "የጠራችሁኝ ለጋብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ለጥበቃ ነው።"

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። ከዓመት በኋላ ወግዲ ሌላ ሰው እንዳገባች ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። አጎቴ ግን የሕክምናው ውጤት ያላማረው "መድኃኒቷ ደካማ ስለነበረች" ነው ብለው አሁንም ያምናሉ።

ሁለተኛው ሕክምና የአጎቴ የግል ግኝት ነው። ከቤታቸው ጓሮ የእህል መጋዘን አላቸው፤ የቆርቆሮ በርና ትልቅ ቁልፍ ያለው። ወንድሜን አባብለው እዚያ አስገቡት፤ ፍራሽ ዘረጉለት፣ ምግብና ውሃ አቀረቡለት፣ ከዚያ ከውጭ ቆለፉበት።

"ሳምንት አይሞላውም" አሉ። "ሰው የሌለ ነገር አይጠጣም።"

ሐሳቡ ሲሰሙት ጤነኛ ይመስላል። ወንድሜ ራሱ ተስማምቶ ነው የገባው። እናቴ ዱካ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆኖ "ትንሽ ብቻ" እያለ ለመነ፤ አጎቴ በጣም ደስ አላቸው። በሚቀጥለው ቀን መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውሃውን ወደ አፉ ሳያደርስ ደረቱ ላይ ያፈሰዋል። ቆየት ብሎ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል ብሎ በእጁ ያራግፍ ጀመር፤ ከዚያ ከሌሉ ሾፌሮች ጋር ወሬ ያዘ፤ "አምጣው፣ አሁን አየዋለሁ፣ ካምቢዮው ነው" ይላል። እናቴ ፈራች።

"አይዞሽ፣ እየወጣለት ነው" አሏት አጎቴ።

እኔ ከጠዋት ክፍለ ጊዜ ስመለስ ከመጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚደበደብ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ወንድሜ መሬት ላይ ይንፈራገጣል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል።

"ቁልፉን ይስጡኝ" አልኩ።

"አሁን ከተከፈተ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ" አሉ አጎቴ።

እናቴ በሕይወቷ ታላቅ ወንድሟን ተቃውማ አታውቅም። ያን ቀን ግን ከዱካዋ ተነስታ እጇን ኪሳቸው ውስጥ ከታ ቁልፉን አወጣች። እሳቸውም አልከለከሏት፤ የደነገጡ መሰለኝ። ባጃጅ አስቆምን፤ እኔ ጭንቅላቱን፣ እናቴ እግሩን ይዘን ሆስፒታል ገባን። አጎቴ በሌላ ባጃጅ ተከተሉን፤ ሐኪሞቹ እንዳያበላሹባቸው ይሆናል።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም መርፌ ወጋውና መንፈራገጡ ቆመ። የቫይታሚን መርፌም ተጨመረለት፤ አረቄ ምግብን ስለሚያባርር አንጎል የሚኖርበት አንድ ቫይታሚን አለ፣ እሱ አልቆበታል አሉን። ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ተጠራች። ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው፤

"መጠጡን ማነው ያስቆመው?"

አጎቴ ደረታቸውን ነፋ አድርገው "እኔ ነኝ" አሉ።

"አባቴ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ትንፋሹም አብሮ ይቆም ነበር።"

አጎቴ እንዲህ ያለ ምስጋና አልጠበቁም። ሲስተር ግን የተቆጣች አትመስልም። ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠችና እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ነጋዴ አስረዳቻቸው።

"አንጎል ውስጥ 'ፍጠን' የሚል መልእክት አለ፣ 'ቀስ' የሚልም አለ። ሁለቱ ተመጣጥነው ነው ሰው የምንሆነው። አረቄ 'ቀስ' የሚለውን ያግዛል። ለዚህ ነው የጠጣ ሰው የሚዝናናው፣ ሲብስም ምላሱ የሚተሳሰረው። አንድ ሰው ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ሞኝ አይደለም፤ 'ቀስ የሚለውን ከውጭ እያመጡልኝ ነው' ብሎ የራሱን ይቀንሳል፤ 'ፍጠን' የሚለውን ደግሞ ይጨምራል። አሁን እርስዎ አረቄውን በአንድ ጊዜ ወሰዱበት። 'ቀስ' የሚል የለም፤ 'ፍጠን' የሚለው ብቻውን ቀረ። እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ጉንዳን የሚያየው፣ የሚጥለውም እሱ ነው።"

"ታዲያ ሲጠጣ እያየሁ ዝም ልል ነበር?" አሉ አጎቴ።

"አይ። ወደ እኛ ማምጣት ነበረብዎት። የ'ቀስ'ን ሥራ ለጊዜው የሚሠራ መድኃኒት አለ። እየቀነስን እየቀነስን በጥቂት ቀናት ውስጥ እናወርደዋለን፤ አንጎሉ የራሱን መልሶ ይጀምራል።" ከዚያ ጨመረች፤ "ሁሉም ሱስ ግን እንዲህ አይደለም። ጫት የሚቅም ሰው በድንገት ቢያቆም ይደብተዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሌሊት ዱካክ የሚሉት ቅዠት ያስቸግረዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለሞት አያደርሰውም።"

አጎቴ ይህን ጊዜ መስኮቱ ላይ የሚያዩት ነገር አገኙ። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የእሳቸው ግን ሱስ አይደለም፤ እሳቸው እንደሚሉት "ለጨዋታ" ነው። ጨዋታው በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይጀምራል፤ ጨዋታው የቀረ ቀን ያገኙትን ሁሉ ይቆጣሉ።

ወንድሜ አልጋ ላይ ተኝቶ ቀን በቀን እየተመለሰ መጣ። መብላት ጀመረ፤ እጁም ረጋ። ሲስተር ስትመጣ አንድ ቀን እንዲህ አላት፤

"እኔኮ ከጠላሁት ቆየሁ። አይጣፍጠኝም፣ ደስታም የለው። ግን እሄዳለሁ። እብድ ነኝ?"

"አይደለህም" አለችው። "መውደድና መፈለግ አንጎል ውስጥ አንድ አይደሉም። መውደዱ ደብዝዟል፤ መፈለጉ ግን አድጓል።"

ከዚያ ዶፓሚን ምን እንደሆነ ነገረችን፤ ከቪዲዮው ትንሽ ረዘም አድርጋ። ደስታ ራሱ አይደለም። አንጎል ለሚረባው ነገር የሚያደርገው ምልክት ነው፤ "ይህን ያዘው፣ ነገም ተመለስበት" የሚል። ርቦን ስንበላ፣ ዘመድ ስናገኝ በመጠኑ ይመጣል። አረቄ ግን ከመጠን በላይ ያፈሰዋል። አንጎሉም የሚመዘግበው አረቄውን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ነው።

"ምን ሲሆን ነው የሚመጣብህ?" አለችው።

"የናፍጣ ሽታ" አለ። "ሾፌር በስሜ ሲጠራኝ። ሥራ ጨርሼ እጄን በሳሙና ስታጠብ።"

"አየህ፣ አረቄው ገና ሳይቀዳ አንጎልህ ጠጥቷል። ያኔ ነው ሐራራው የሚነሳው። 'ቆይ፣ አስብበት' የሚለው ከግንባርህ ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ደክሟል፤ አረቄው ለዓመታት ሲያደክመው ኖሯል። ቁርጠኝነት የለህም የሚሉህ ሰዎች ተሳስተዋል። ቁርጠኝነትህ የሚሠራበት ቦታ ነው የታመመው።"

"ይጠገናል?"

"ይጠገናል። እንደ መኪና ግን ቶሎ አይወጣም። ወራት ይፈጃል፤ መሃል ላይ ሊያገረሽም ይችላል። ሲያገረሽ ተመልሰህ ትመጣለህ።"

ስለ ሕክምናው ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ነገረችን። ዋናው የምክር አገልግሎት ነው፤ በቀጠሮ እየመጣ ሐራራው የት እንደሚነሳ፣ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ አብረው ያወራሉ። ሐራራውን የሚቀንስ፣ ቢጠጣም የመጠጡን ስሜት የሚያደበዝዝ ኪኒን አለ፤ ከተማችን ውስጥ አይገኝም፤ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ሌላም አለ፤ እሱን የዋጠ ሰው አረቄ ከቀመሰ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ፊቱ ይቀላል።

አጎቴ ከሕክምናው ሁሉ የወደዱት ይህን ነው።

"እሱን ስጡን" አሉ። "ሻዩ ውስጥ እንጨምርለታለን፤ ማወቅም የለበትም።"

"ሳያውቅ ከሰጡት መመረዝ ነው" አለች ሲስተር። "ራሱ ፈልጎ፣ ጉበቱ ተመርምሮ፣ እኛም እየተከታተልነው ካልሆነ አይሰጥም።"

አጎቴ ተከፉ። ሕመምተኛው ራሱ የሚያውቀው ሕክምና ምኑን ሕክምና ሆነ?

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ጋ ገባ። ሐራራ የሚቀንሰውን ኪኒን የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በመኪና ላከልን፤ ከቪዲዮው ይልቅ ይህ ብዙ ጠቀመን። እናቴ የመተቱን ነገር ሙሉ በሙሉ አልተወችም። እሁድ እሁድ ጠበል ትወስደዋለች፤ ኪኒኑንም በዚያው ውሃ ታስውጠዋለች። ይህን ለሲስተር ስነግራት "በምን ውሃ እንደዋጠው አልጠይቅም፤ መዋጡን ብቻ ንገሩኝ" አለች። ጎረቤታችን ሐጂም ዱኣ ያደርጉለት ነበር። እኛ አገር ሰው ከዳነ ሁሉም ድርሻ እንዲኖረው ተደርጎ ነው የሚድነው።

ወራት አለፉ። ፊቱ ተመለሰ፣ ሥራውን ጀመረ፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ሙሉ እንጀራ የሚበላ ሰው ሆነ። የአጎቴ የልጅ ልጅ ክርስትና የተነሳ ዕለት ሁላችንም ተጠራን። ወንድሜ ለስላሳ ይዞ ጥግ ተቀምጧል። አጎቴ በራሳቸው እጅ መለኪያ ሞልተው መጡ።

"ከንፈርህን ብቻ አርጥበው። የሕፃኑን ደስታ አትግፋ።"

"ሐኪሟ ከልክላኛለች፣ አጎቴ።"

"አሁን ድነሃል እኮ። የዳነ ሰው አንዲት ይፈራል?"

ሰው ሁሉ እያየ ነው። ሽማግሌ ቆሞ መለኪያ ዘርግቶ ሲጠብቅ እምቢ ማለት እኛ ጋ ከአረቄው የከፋ ነውር ነው። ወንድሜ ተቀበለ፤ ከንፈሩን አረጠበ። ከዚያ አንዷን ጨረሰ። በማግስቱ አሮጌው አረቄ ቤት ነበር፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ቀናት።

ጉባኤው ሳይጠራ ተሰበሰበ። ብይኑ አጭር ነበር፤ "ሕክምናው አልሠራም።" አጎቴ መጋዘናቸው ባዶ መሆኑን ጠቆም አደረጉ። እኔም የቅጠል አስተማሪ መሆኔን ረስቼ ተናገርኩ።

"አጎቴ፣ እርስዎ የደም ግፊት ኪኒን ይውጣሉ። ባለፈው ጨው አብዝተው ግፊትዎ ሲጨምር ማንም 'ሕክምናው አልሠራም' ብሎ መጋዘን አልቆለፈብዎትም። ኪኒንዎን ውጠው፣ ጨዉን ቀንሰው ተሻለዎት። ይሄም እንደዚያው ነው። አረቄውን የቀዱለትም እርስዎ ነዎት።"

እናቴ ራሷን አቀርቅራ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ፈገግታዋን ስትደብቅ ግን አይቻታለሁ።

ወንድሜን ማንም አልጎተተውም። በራሱ ጊዜ መጥቶ "ውሰጂኝ፤ ብቻዬን ከሄድኩ መንገድ ላይ እቀራለሁ" አለኝ። አብረን ሄድን። እየሄድን ደጋግሞ "ምን ትለኛለች?" ይለኛል። ሲስተር ስታየው "እንኳን መጣህ" ነው ያለችው። ከዚያ ቀጥላ፣ መኪና እንደሚመረምር ሰው፣ ቀኑን ከመጀመሪያው አስወራችው፤ ማን ሰጠህ፣ የት ተቀምጠህ ነበር፣ ሆድህ ባዶ ነበር ወይ፣ በማግስቱ እግርህ በየት በኩል ወሰደህ?

"በጋራዡ በር" አለ።

"ጋራዥህ ከአረቄ ቤት ጋር በአንድ አጥር እያለ እኔ ኪኒን በኪኒን ላይ ብጨምርልህ ዋጋ የለውም።"

ጋራዡን ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ አዛወረው። ትልቅ ነገር ነው፤ ወግዲ መንገድ ላይ የለመዱት ሾፌሮች ቀሩበት፤ አንዳንዶቹም "ኮርቷል" ብለው አሙት። ሥራ ጨርሶ እጁን የሚታጠብባትን ሰዓት ሲስተር በተለይ ፈራቻት፤ በዚያች ሰዓት ብቻውን እንዳይሆን አለች። እናቴ መክሰስ ይዛ እዚያው እየሄደች ከመፍቻና ከጎማ መሃል ትቀመጥ ጀመር። አብረውት የሚሠሩት መካኒኮች መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ለመዷት፤ አሁን የሞተር ዘይትን ገና ስታሸተው የምትለይ ይመስላታል። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ተዝካር ሲጠራ ምን ብሎ እምቢ እንደሚል ከሲስተር ጋር እየተለማመዱ ነበር፤ እሷ ሽማግሌ ትሆናለች፣ እሱ እንግዳ። እምቢታን ሐኪም ቤት ሄዶ የሚማር ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። አገራችንን ለሚያውቅ ግን ትምህርቱ አይበዛም።

በዚህ መሃል መንገድ የተዘጋ ሰሞን መጣ። ዘይትና ስኳር ጠፋ፤ ጫትም ጠፋ። አጎቴ ሱሰኛ ስላልሆኑ ምንም አልሆኑም። ቀኑን ሙሉ የእህል ጆንያው ላይ ተኝተው ዋሉ፣ ከሚዛኑ ጋር ተጣሉ፣ ደንበኛ አባረሩ፤ ሌሊት ዱካክ ሲያስጮኻቸው እንዳደረ ሚስታቸው ለእናቴ ነገረቻት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሱቃቸው ድረስ ሄደ፤ እኔም ይህ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተከተልኩት።

"አጎቴ፣ ሐራራ ነው?"

"ሐራራ የለብኝም። አየሩ ነው።"

'መጋዘኑ ውስጥ ልቆልፍብዎት?' ይላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን አልምርም ነበር። እሱ ግን አጠገባቸው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። "አብሽሩ" አላቸው፣ "መጥቶ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። እስኪወርድ ድረስ እኔ ልቀመጥ።" እስከ አመሻሽ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። አጎቴ አልፎ አልፎ ዓይናቸውን እየጨፈኑ ያዳምጡታል። መንገዱ ሲከፈት ጫቱ ተመለሰ፤ ጨዋታውም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ለወንድሜ መለኪያ ዘርግተው አያውቁም።

ሲስተር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ወንድሜ ለብዙ ቀን ተከፍቶ ቆየ፤ እኔም ፈራሁ። አዲሱ ባለሙያ ወጣት ነው፤ ወንድሜ በመጀመሪያው ቀጠሮ "ይሄ ልጅ ገና ነው" ብሎ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ግን ልጁ ስለ ሐራራው በመካኒክ ቋንቋ፣ 'መኪናው የት ጋ ነው የሚያንኳኳው?' ብሎ ጠይቆት ወድዶት መጣ። ከጠጣ ዓመት አልፎታል። ኪኒኑን በሐኪም ትእዛዝ አቁሟል፤ ቀጠሮውን ግን አላቆመም።

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጎረቤት ከተማ ማሻ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሥራው እንዳለቀ የመኪናው ባለቤት፣ ደግ ነጋዴ፣ ቤታቸው አስገብተው አበሉን። ከምግቡ በኋላ ጠርሙስ ተከፈተ።

"ይቅርብኝ ጋሼ" አለ ወንድሜ። "ሐኪም ከልክሎኛል።"

"ምንህን ነው የሚያምህ ልጄ?"

ወንድሜ ከሲስተር ጋር የተለማመዳቸው ብዙ ሰበቦች ነበሩት፤ ጨጓራ፣ ጉበት፣ የሚወጋ መርፌ። አንዱንም አልተጠቀመም።

"አንጎሌን" አለ።

ሰውዬው ወንበራቸውን በቀስታ ወደኋላ ሳብ አደረጉ። "አላህ ያሽርህ" አሉ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ በኋላ እስክንሄድ ድረስ ለወንድሜ የሚናገሩት ጮክ ብለውና ቃላቱን እየቆራረጡ ሆነ፤ "ዳ-ቦ፣ ት-በ-ላ-ለ-ህ?" ስለ መኪናው ያለውን ጥያቄ ሁሉ ደግሞ ለእኔ አቀረቡ። እኔም ካምቢዮ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ መለስኩላቸው።

መኪናችን ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ወንድሜ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከተማዋን ከወጣን በኋላ ሳቁ ሲበርድለት መሪውን እንደያዘ እንዲህ አለኝ፤

"ጠርሙሱ ሲከፈት ሽታው አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ ነው የመጣብኝ። ልክ እንደ ድሮው።"

"ምን አደረግክ?"

"ዳቦውን በላሁ። ከዚያ ሰውዬው ጮኹብኝ፤ በዚያው ረሳሁት።"

ማርሽ ቀየረና አቀበቱን ተያያዝነው።